አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን፦ ሸራ ከመቀየርህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የራሴን የድሮ ጣጣ መልሶ የሚተርክልኝ መሰለኝ። ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል አለህ። ክረምት ላይ አንድ ወር ያህል ሳትነዳው ቆመ። አስነስተህ፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያለያየውን ክላች) ይዘህ አንደኛ ማርሽ ስታስገባ ወደፊት ዘሎ ጠፋ። ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል፣ ግን መብራት ላይ ቆመህ ከማርሽ አውጥተህ ዜሮ ስትፈልግ እግርህ እስኪዝል አይገባልህም። መካኒኩ ደግሞ «ሸራው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አለህ። ሸራ ማለቱ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉት ዲስኮች የለበሱትን ልባስ ነው። ልቀይር ወይ ነው የምትለው።

አትቀይር። ቢያንስ ዛሬ አትቀይር።

ሸራው ያለቀ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተለውም። ዳገት ላይ ሰው ጭነህ ከሆነማ የባሰ ነው። ያንተ ግን ተቃራኒው ነው፤ ይዞ አልለቅ ብሏል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጠኸውም ሞተሩና ጎማው አልተለያዩም። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ቤት ቢኖሩም መድኃኒታቸው አይገናኝም። ሸራ ስላለቀ ብቻ አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ውስጡን በዓይነ ኅሊናህ እየው። ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ልሙጥ የብረት ዲስኮች አንድ ባንድ ተደራርበው፣ ዘይት ውስጥ ተነክረው ተቀምጠዋል። ሞላዎች አጥብቀው ይጫኗቸዋል። እጀታውን ስትጨብጥ ካቦው (ከእጀታው የሚወርደው የብረት ገመድ) ሞላዎቹን አሸንፎ ዲስኮቹን ያላላል። የሚላቀቁት ግን በጣም በትንሹ ነው፣ በዓይን የማይታይ ያህል። አሁን ሞሶብ ውስጥ ሁለት ቀን ያደረ እንጀራ አስብ። አንዱን ስታነሳ ሌላው ተከትሎ ይመጣል አይደል? ሞተሩ አንድ ወር ሲቆም በዲስኮቹ መሀል ያለው ዘይት በሞላዎቹ ግፊት ተጨምቆ ይወጣል። የቀረው ስስ ዘይት፣ ያረጀ ከሆነ፣ ሙጫ ይሆናል። የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ልሙጡ ብረት ዝገት ሊጀምረው ይችላል። እጀታውን ትጨብጣለህ፣ ሞላው ይለቃል፣ ዲስኮቹ ግን እንደተቃቀፉ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሞክር። ወጪ የለውም። ሞተሩን ዜሮ ላይ አስነሳና አሥር ደቂቃ ያህል ይሙቅ፣ ዘይቱ ይቅጠን። ከዚያ አጥፋው። አራተኛ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ጨብጥና ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ በደንብ ወዝውዘው። መጀመሪያ ጎማው የተቆለፈ ያህል ይከብድሃል። ከጥቂት ግፊያ በኋላ ድንገት ቀለል ይልሃል። ያኔ ተላቀዋል ማለት ነው። የኔ አንድ ጊዜ «ጧ» የሚል ድምፅ አሰምቶኛል፤ የሆነ ነገር ሰበርኩ ብዬ ክው አልኩ። ምንም አልተሰበረም ነበር። አራተኛ ያልኩህ በከፍተኛ ማርሽ የምትገፋው ኃይል ዲስኮቹ ላይ በርትቶ ስለሚያርፍ ነው።

አንዳንዱ ሞተሩን አስነስቶ እየተገፋ አንደኛ አስገባና ፍሬን ርገጥ ይልሃል። ይሠራል። ግን ካልለቀቀ ይዞህ ይሄዳል። ሰፊ ሜዳ ከሌለህ አትሞክረው፤ የግቢ አጥር ፊት ለፊት ሆነህ ደግሞ በፍጹም።

ከለቀቀልህ በኋላ እንዲህ ፈትነው። በመሀል ማቆሚያው አቁመህ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ። አስነሳ፣ ፍሪሲዮን ያዝ፣ አንደኛ አስገባ። ጎማው ቀስ ብሎ ቢዞር አትደንግጥ። ዘይቱ ራሱ ትንሽ ይጎትተዋል፣ በተለይ በጠዋት ብርድ። የኋላ ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ርገጥ። ጎማው ቆሞ ሞተሩ ምንም ሳይመስለው ከቀጠለ ደህና ነው። ጎማው ሲቆም ሞተሩም ሊጠፋ ካንገራገረ፣ ፍሪሲዮኑ አሁንም አልለቀቀም። እጅህንም እግርህንም ወደሚዞረው ጎማ አታስጠጋ።

አንተ ሲሞቅ ይሻለዋል ግን ዜሮ ያስቸግራል ስላልክ፣ ከመጣበቁ ሌላ ተጨማሪ ነገር ያለ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቸኩሎ የሞተሩን ክዳን የሚያስከፍተው። እኔ ከእጅህ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ ነው የምለው።

እጀታውን በጣትህ ሳብ አድርገው። ካቦው መወጠር ከመጀመሩ በፊት፣ እጀታው ከሚታሰርበት ብረት ጋር በሚገናኝበት ጥግ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ነፃ ጨዋታ መኖር አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ፣ ጨብጠህ ስትጨርስ ዲስኮቹ ገና በግማሽ ነው የተላቀቁት። ዜሮ አልገባ የሚልህም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው ሁለት ቦታ ነው፤ እላይ እጀታው ጋ፣ እታች ሞተሩ ጋ። የላይኛውን ወደ ውስጥ አስገብተህ ዋናውን ማስተካከል እታች ሥራው። የላይኛው ለመንገድ ላይ ጥቃቅን ማስተካከያ ይቆይልህ። ጨዋታውን ጨርሰህ እንዳታጠፋው ብቻ። ያኔ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም፣ መንሸራተት ይጀምርና ያልነበረህን በሽታ ትገዛለህ። ካስተካከልክ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረህ ጨዋታውን እንደገና እየው። ከተለወጠ ካቦው የሆነ ቦታ ተቆልምሟል ወይም ተቀርቅሯል።

ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ወድቆ እጀታ አስቀየረ። ከዚያ ወዲህ ሲጨብጠው አይመለስለትም፤ በጣቱ እየገፋ ነበር የሚመልሰው። ካቦ አስቀየረ። ያው ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ያየሁት የእጀታውን መዞሪያ ብሎን ነበር። የገጠመው ሰው ከበርበሬ ወፍጮ ጋር የተጣላ ይመስል አጥብቆታል። ሩብ ዙር አላላሁት፣ ከሥር ያለውን ዳዶ ይዤ አጠበቅኩ፣ እጀታው «ጠብ» ብሎ ተመለሰ። ያ ብሎን መጥበቅ የለበትም፤ እንዳይወልቅ የሚይዘው ዳዶው ነው።

ካቦውን ደግሞ ከላይ ነቅለህ ጫፉን ተመልከት። የተበጠሰ ክር ካለ አትጠግነው፣ ቀይረው። አንድ ክር የተበጠሰበት ካቦ የሚጨርሰው ጨለማ መንገድ ላይ ነው። ደህና ከሆነ ዘይት አጠጣው። ትንሽ ፌስታል ውሰድ፣ አንዱን ጥግ ቆርጠህ የካቦውን የላይ ጫፍ አስገባበትና በፕላስተር አጥብቀህ እሰረው። እንደ ማንቆርቆሪያ ይሆንልሃል። ስስ የሞተር ዘይት ጨምርበትና ምስማር ላይ ሰቅለህ አሳድረው። ጠዋት ከታችኛው ጫፍ ጠብታ ሲወጣ ታያለህ፤ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቆይቶ ንጹሕ። ግራሶ ግን አትጠቅጥቅበት። አቧራ ይሰበስብና በሁለት ወር ውስጥ ጭቃ ይሆናል።

ዘይቱን በአጭሩ ልለፈው። ቦክሰር የሚፈልገው 20 ደብልዩ 50 ነው፣ ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበት። ምልክቱ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ይሆናል ማለት ነው። ለከባድ መኪና ከበርሜል የሚቀዳውን ወፍራም ዘይት አትጠቀም። አንድ ወር የቆመውን ዘይትም ለማንኛውም ድፋው። ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ጎን ለጎን እየው፤ ከፍ ብሎ ከተተወ አንደኛ ስታስገባ «ቋ» ብሎ ይዘላል፣ ሰውም ፍሪሲዮኑን ይወቅሳል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የራሴን ገንዘብ የበላው ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ በቦክሰር ነው የምሠራው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ልክ እንዳንተ ዜሮ አልገባ አለኝ። አንድ ጋራዥ ሸራ ቀየሩልኝ። ሳምንት ያህል የተሻለ መሰለኝ፣ ከዚያ ተመለሰ። መልሼ ስወስደው «ሸራው ኦርጅናል አይደለም» ተባልኩ። ማን ነበር የሸጠልኝ? እነሱው። እንደገና ከፍዬ አስቀየርኩ። ያው። በሦስተኛው ሌላ ሰፈር ወሰድኩት፣ እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ክዳኑን ከፍተው ሸራዎቹን አወጡና ወደ ጎን አስቀመጧቸው፤ ዞር ብለውም አላዩዋቸውም። ዲስኮቹን የሚይዘው ቅርጫት የመሰለው ብረት ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። «ና፣ ጥፍርህን እዚህ ላይ ጎትት» አሉኝ። ጎተትኩ። ጥፍሬ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ እየገባ ወጣ። የቅርጫቱ ጣቶች እንደ መጋዝ ጥርስ ተበልተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸራ ዲስኮቹ ዙሪያቸውን ጆሮ አላቸው። ጆሮዎቹ በቅርጫቱ ጣቶች መሀል ነው የሚቀመጡት። ነዳጅ በሰጠህና በለቀቅህ ቁጥር ጣቶቹን ይደበድቧቸዋል። በጊዜ ብዛት ቦይ ይቆፍራሉ። እጀታውን ስትጨብጥ ዲስኩ ወደ ጎን መንሸራተት ሲገባው ቦዩ ውስጥ ይቀረቀራል። አዲስ ሸራ ብትገጥም አዲሱ ጆሮም ያው አሮጌው ቦይ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ሁለት ጊዜ የከፈልኩት ለከንቱ ነበር።

ቦዩ ጥፍር የሚይዝ ያህል ብቻ ከሆነ በጥሩ ሞረድ ይስተካከላል። ሁሉንም ጣቶች እኩል፣ ቀስ እያልክ ነው። ጠልቆ ከሆነ ግን በሞረድ አትታገል፤ ክፍተቱ ይሰፋና ማንኳኳት ይጀምራል። ያኔ ቅርጫቱ ይቀየር። የብረቱ ብናኝ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ቅርጫቱን አውጥተህ ነው መሞረድ ያለብህ። መሀሉን የያዘውን ትልቁን ዳዶ በመሮና በመዶሻ የሚፈታ ካየህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ። ቅርጫቱን አንቆ የሚይዝ መሣሪያ አለው።

ራስህ የምትከፍት ከሆነ፣ ዘይቱን ድፋ፣ የማስነሻ እግሩን ንቀል፣ ከዚያ የቀኙን ክዳን። ዲስኮቹን ከማውጣትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። በአንዳንድ ሞተር የመጨረሻው ዲስክ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌሎቹ ይለያል። ልሙጡን ብረት መስታወት ላይ አጋድመህ ጫፉን ተጫነው። ከተንቀጫቀጨ ተጣሟል፤ ጠምዛዛ ዲስክም ይይዛል እንጂ አይለቅም። ሰማያዊ ቀለም ካወጣ በሙቀት ተቃጥሏል። ቀላል ዝገት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። አዲስ ሸራ የምትገጥም ከሆነ ደግሞ ዘይት ውስጥ አሳድረው። ደረቁን የገጠመ ሰው በማግሥቱ እንዳንተው ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

የሞላዎቹን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሹ አጥብቅ። እኔ አንዱን ጉልበት አሳይቼው ተቀንጥሶ እጄ ላይ ቀርቷል። ጉቶውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀ። በክዳኑና በሞተሩ መሀል ያለውን አሮጌ ጓርኒሲዮን በካቻቢቴ አትፋቀው፣ አሉሚኒየሙን ይጭረዋል፣ ከዚያ ዘይት ያንጠባጥባል። ከገጠምክ በኋላ ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፍ፣ ጠዋት ታየዋለህ።

በሚመጣው ክረምት ለረጅም ጊዜ የምታቆመው ከሆነ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቆርጠህ እጀታውን ከመጨበጫው ጋር እሰረው። ዲስኮቹ ተላቀው ይቆያሉ።

ቅርጫቱ ተበልቶ ካገኘኸው ደግሞ ጻፍልኝ። ሞረዱ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ብቅ ካልክ አብረን እንሠራዋለን።