ሥዕል ያኖረኛል ወይ? ከሐዋሳ ለጻፈችልን ወጣት መልስ

ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «24 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ማታ ማታ እስላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈር ልጆችን ግቢያችን ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ፤ እስካሁን ገንዘብ ጠይቄ አላውቅም። ልቤ ያለው ግን መንፈሳዊ ታሪክን በሥዕል መሥራት ላይ ነው። ዘመናዊ ሥዕል ብሞክር ደግሞ እምነቴን መተው እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ያደግኩትም ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ በየጊዜው በነፃ ያሠሩኛል፣ እምቢ ማለት ይከብደኛል። አሁን አንድ አሳታሚ ለልጆች የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ 24 ሥዕል በሁለት ወር አድርሺልኝ ብሎኛል። ዋጋ ስንት ልበለው? ሥራዬን ልልቀቅ? አዲስ አበባስ መሄድ አለብኝ? እናቴ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ትለኛለች።»

እህቴ፣

ሥራሽን ዛሬ አትልቀቂ። ይህን የምልሽ ሥዕል አያኖርም ብዬ አይደለም። ሥዕል እየሠሩ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። አንቺ ግን እስካሁን ለሥዕልሽ ማንንም አንድ ብር ጠይቀሽ አታውቂም። ስለዚህ ሰው ይከፍል አይከፍል እንደሆነ ገና አልታወቀም። ይህን ደሞዝሽ በየወሩ እየገባ ብታውቂው ይሻላል። ገንዘብ ሲቸግር የሚሠራ ሥዕል ገዢ ይወደዋል በተባለው ነገር ይሞላል፣ የሠሪው እጅ ይጠፋበታል።

ደብዳቤሽ ላይ መሳልን፣ ማስተማርንና መንፈሳዊ ሥዕልን እንደ አንድ ሥራ አድርገሽ ጽፈሻቸዋል። ለእኔ ሦስት ሥራዎች ናቸው። ማስተማር በየወሩ ገንዘብ ያመጣል። የመጽሐፍ ሥዕል አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን ጠቅለል ያለ ብር ይዞ ነው። የራስሽ ሥዕል መቼ እንደሚሸጥ ደግሞ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። እንግዲያው የወር ወጪሽን በማስተማሩ ላይ አሳርፊው። የራስሽን ሥዕል የወር ወጪ አታሸክሚው።

ከቅዳሜው ክፍል እንጀምር። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ወላጆች ያምኑሻል፣ ግቢ አለሽ። ትልቁ ነገር በእጅሽ ነው። የቀረሽ ዋጋ መጥራት ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ክፈሉ አትበያቸው፤ ቅር ይላቸዋል። የወር መጨረሻ ጠብቂና አዲስ ዙር ጀምሪ። ለስምንት ቅዳሜ፣ ወረቀትና ቀለም ጨምሮ፣ ይህን ያህል ብር በያቸው። ክፍያው ዙሩ ሳይጀመር ይግባ፤ በቴሌብር ይላኩልሽና መዝግቢው። አቅም የሌላቸው አንድ ሁለት ልጆች ካሉ ዝም ብለሽ በነፃ ያዣቸው።

ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉትን ለብቻ፣ ከ11 እስከ 14 ያሉትን ለብቻ አድርጊ። ትንሹ ልጅ ከትልቁ አጠገብ ሲቀመጥ የራሱን ሥዕል ይጠላል። ከ12 ልጅ በላይ ብቻሽን አትያዢ። ሌላ አዋቂም ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ይኑር። የልጆችን ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከማውጣትሽ በፊት ወላጅን አስፈቅጂ። ዋናው ገበያሽ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን የት ላውለው የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ለዚያ ከግንቦት ጀምሮ መመዝገብ አለብሽ።

ምን ላስተምር ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በየቦታው የማየው የልጆች የሥዕል ትምህርት ከስልክ ላይ ካርቱን መገልበጥ ሆኗል። ሐዋሳ ተቀምጦ ይህ ያሳዝናል። ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል ውሰጃቸው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆሞ ፍርፋሪ ሲጠብቅ ይሳሉት። ያ ቀጭን እግር፣ ያ ራሰ በራ፣ ያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት! ልጅ እሱን አንዴ አይቶ ከሳለ መጠንና ቅርጽ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ለቀለም ጀማሪ የሚመች ነው። ጀልባውን፣ መረቡን፣ ታቦር ተራራን ይሳሉ። የዙሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሥዕሎቹን ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ስቀሉና ወላጆችን ጥሪ። እናትሽ ቡና ያፍሉ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን እየጎተቱ ሲያሳዩ፣ ወላጆችም ለሚቀጥለው ዙር ሲመዘገቡ እናትሽ በዓይናቸው ይዩ። ከእኔ ወይም ከአንቺ ክርክር ይልቅ ይህ ያሳምናቸዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሐዋሳ ልጆች የኦርቶዶክስም፣ የፕሮቴስታንትም፣ የሙስሊምም ቤት ልጆች ናቸው። ለሁሉም ክፍት ባደረግሽው ክፍል ውስጥ የቅዱሳንን ሥዕል አታሠሪ። አንዳንዱ ቤት ነቢያትን መሳል ጨርሶ አይፈቀድም፤ ሌላው ቤት ቅዱስ ሥዕል አይቀበልም። ወላጅ ያመነሽ ሥዕል እንድታስተምሪለት ነው። መንፈሳዊ ሥዕል ማስተማር ከፈለግሽ በስሙ ጥሪው፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል ለብቻው አዘጋጂው።

አሁን ልብሽ ወዳለበት እንምጣ። ለአንቺ አዲስ አይደለም፤ ከሙያ አንፃር ግን ልለየው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰው ፊቱ ቆሞ የሚጸልይበት ሥዕለ አድኅኖ አለ። ከዚያ ውጭ ደግሞ ታሪክን ለአንባቢ የሚያሳይ የመጽሐፍ ሥዕል አለ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሠራ ሰው በሁለቱም በኩል ይቸገራል።

ሥዕለ አድኅኖ ሥርዓት አለው። ቅዱሳን በሙሉ ፊታቸው፣ በሁለት ዓይናቸው ይታያሉ፤ በጥንቱ ሥዕል ክፉዎቹ ናቸው በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት። የቅዱሱ ስም ሥዕሉ ላይ ይጻፋል። ይህን ከኢንተርኔት ለቃቅመሽ አትማሪው። መምህር ፈልጊ፣ ሥር ተቀመጪ፣ ቡራኬ ተቀበዪ። ዓመታት ይፈጃል። ሥርዓቱ እጅሽን ያስረዋል ብለሽ አትፍሪ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሰዓሊ ነበረ። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ስሙ ያለበት ሥዕል አለ። ሥርዓቱን ጠብቆ ሠርቷል፤ ይሁን እንጂ ያንን ለስላሳ መስመሩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ስሙ የሌለበትንም ሥዕል ዛሬ ድረስ የሱ ነው ይላሉ።

የመጽሐፍ ሥዕል ሰፋ ያለ ነፃነት አለው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር ስትስዪ ከውጭ የመጣውን ባለ ወርቃማ ፀጉር እረኛ አትገልብጪ። ከሐዋሳ ወጣ ስትዪ በሲዳማ ደጋ በጎች የሚጠብቅ ልጅ አለ። «በዕረፍት ውኃ ዘንድ ይመራኛል» ለሚለውም ጀልባ ሳይወጣበት በማለዳ ያለው ሐይቅሽ አለልሽ። የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች እመቤታችንን በዘመናቸው በሚያውቁት ባለጌጥ ጨርቅ አልብሰዋታል። አንቺም የምታውቂውን ጨርቅ ብታለብሺ ከአባቶችሽ መንገድ አልወጣሽም። ሐረጉንም እንዳትረሺው። የብራና መጻሕፍታችንን ገጽ የሚያስጌጠው ያ የተጠላለፈ መስመር ለልጆች መጽሐፍ ዳር እጅግ ያምራል።

ለዘመናዊ ሥዕል ስል እምነቴን ልተው ወይ የሚል ፍርሃትም በደብዳቤሽ ውስጥ አነበብኩ። ሰዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቢ። አባቱ የብራና መጻሕፍት ሰዓሊ ነበሩ። እሱ ጀርመን ተምሮ ተመለሰና አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ፣ ብዙዎችን ግራ ያጋባ ረቂቅ ሥዕል፣ የነገሮችን መልክ በቀጥታ የማያሳይ ሥዕል ሠራ። «ጎልጎታ» የተባለውን የስቅለት ሥዕልም የሠራው ያው ሰው ነው። ምረጪ ተብለሽ አልተጠየቅሽም፤ ራስሽን አታስጨንቂ።

በነፃ የሚያሠሩሽን በተመለከተ፣ አገልግሎትን አትተዪ፤ ግን ልክ አብጂለት። በዓመት ይህን ያህል ሥዕል ለቤተ ክርስቲያን ብለሽ መጀመሪያውኑ ወስኚ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ጋርም ተነጋገሪ፣ ዓመቱ ሲጀምር ዕቅድ ይስጡሽ። ለታኅሣሥ ገብርኤል የሚፈለገው ሥዕል በ17 ማታ አይነገርም! ቢያንስ የቀለምና የሸራ ወጪውን ይሸፍኑ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

የራስሽን ሥዕል የምትስዪበት ሰዓት ከሁሉም ቀድሞ ቀን መቁጠሪያሽ ላይ ይጻፍ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ ሌላ ቀን ይሁን፣ ለእሱ ብቻ የሆነ ሦስት ሰዓት ያዢ። ስታስተምሪ ውለሽ፣ ትእዛዝ ስትሠሪ አምሽተሽ ለራስሽ የሚተርፍ ጉልበት ይኖራል ብለሽ አትጠብቂ፤ አይኖርም። የሸራ ዋጋ ካስቸገረሽ ብዙ ሰዓሊዎች እንደሚያደርጉት አቡጀዴ በእንጨት ላይ ወጥረሽ፣ ኮላና ነጭ የግድግዳ ቀለም ቀብተሽ ተለማመጂ።

አዲስ አበባ? ለትምህርት ከሆነ አዎ። በ1950 ዓ.ም. በሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረት ያስይዛል። ለገበያ ብቻ ከሆነ ግን አይ። እዚያ ኪራዩ ያለሽን ጊዜ ይበላዋል፣ ቅዳሜ የሚመጡልሽን ልጆችም ከዜሮ መፈለግ ይሆንብሻል።

ሥራሽን መቼ ልልቀቅ ካልሽኝ፣ ከማስተማርና ከትእዛዝ የምታገኚው ለ6 ወር በተከታታይ ከደሞዝሽ ግማሽ ሲያልፍ፣ በባንክም የ6 ወር ወጪሽ ሲቀመጥ ያኔ እንነጋገር። አካውንታንት መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው። አብዛኛው ሰዓሊ አንድ ሥዕል ስንት እንደፈጀበት አያውቅም። አንቺ ገቢና ወጪሽን መያዝ ትችያለሽ።

ይኸው ችሎታሽ ለአሳታሚው መልስ ይጠቅምሻል። ዋጋን ከሰዓት ጀምሪ። ለምሳሌ ለኑሮና ለዕቃ በወር 18,000 ብር ያስፈልግሻል እንበል። በወር 120 ሰዓት መሳል ብትችዪ አንዱ ሰዓት 150 ብር ሆነ። አንድ ባለሙሉ ቀለም ሥዕል ከንድፉ እስከ እርማቱ 10 ሰዓት ቢፈጅ 1,500 ብር ነው። 24ቱ 36,000 ብር። ቁጥሮቹን በራስሽ ቀይሪያቸው። የምታገኚው ግን ከዚያ በታች የማትወርጂበት ዋጋ ነው። ትርፍሽ ከዚያ በላይ ይጨመራል።

ጊዜውንም እዪው። 24 በ10 ሲባዛ 240 ሰዓት ነው። በየማታው ለ2 ሰዓት ያህል ብትሠሪ 120 ማታ ይሆናል፤ እሱ የሰጠሽ ሁለት ወር ነው። እሺ ብለሽ እንዳትጀምሪ። 8 ባለሙሉ ቀለም፣ 16 ደግሞ ትንንሽ የመስመር ሥዕሎች ይሁኑ በዪው። የመስመሩ ሥዕል 2 ሰዓት ቢፈጅ ጠቅላላው 112 ሰዓት፣ 56 ማታ ነው። ጠባብ ነው፣ ግን ይቻላል። ከዚያ በታች የማትወርጂበት ዋጋም 16,800 ብር ይሆናል። እምቢ ካለ ቀኑን ያራዝም።

ንድፉን በእርሳስ እንደጨረስሽ፣ ቀለም ሳትነኪ፣ መጽሐፉን የሚያውቅ ሊቅ ይየው። እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፤ ቀለም የነካው ከሆነ ግን እንደ አዲስ መጀመር ነው። ለኅትመት ሲሰጥ በሚታተምበት መጠን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይነሣ። ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ኅትመት ላይ ይደበዝዛሉ፤ አንድ ገጽ የሙከራ ኅትመት ጠይቂ።

ከሁሉም በላይ ያለ ጽሑፍ ውል እጅሽን አታንሺ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማማችሁ በቀር፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለመብት ያዘዘው ሰው ነው። ዝም ካልሽ 24ቱም ሥዕል የሱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ አሳታሚው የሚጠቀመው ለዚህ መጽሐፍና ለዚህ ኅትመት ብቻ እንደሆነ፣ መብቱም በእጅ የሠራሻቸው ዋና ሥዕሎችም ያንቺ እንደሆኑ፣ ስምሽ መጽሐፉ ላይ እንደሚታተም ይጻፍ። ከክፍያው ሲሶው ሲፈረም፣ ሲሶው ንድፉ ሲጸድቅ፣ የቀረው የመጨረሻውን ፋይል ከመስጠትሽ በፊት ይግባ። እርማት ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ በሰዓት ይከፈላል።

የውሉን ረቂቅ በራስሽ አማርኛ አንድ ገጽ ላይ ጻፊውና ላኪልኝ። ከመፈረምሽ በፊት አብረን እናየዋለን።