የመጀመሪያውን በእጃችሁ ሥሩት

ቼስ የሚጫወት ፕሮግራም መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆች።

አብዛኞቻችሁ ኦፕኒንግ ቡኩን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጨዋታ ሲከፍት የሚያነበውን የተዘጋጁ እርምጃዎች መጽሐፍ፣ እንዴት እንደምታገኙት አስባችሁ ጨርሳችኋል፤ ብዙ ጨዋታ አውርዶ ኮምፒውተሩ በአንድ ሌሊት እንዲፈጨው ማድረግ። ይቻላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን በእጃችሁ ሥሩት ባይ ነኝ። መቶ መስመር፣ ማለትም መቶ የእርምጃዎች ቅደም ተከተል፣ ብቻ ቢሆን ይበቃል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጠጠሮቹ የቆሙበት ሁኔታ መጽሐፉ ውስጥ ካለ ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ይጫወታል። ከሌለ በራሱ ማሰብ ይጀምራል። ጣጣው ያለው እዚያ መሻገሪያው ላይ ነው።

የመጀመሪያ ፕሮግራሜን ስጽፍ ሞራ ጋምቢት የሚባለውን መክፈቻ እወድ ነበር። ጥቁሩ ሲሲሊያን የሚባለውን መከላከያ ሲጫወት ነጩ አንድ ወታደር ይሰጠዋል፤ በምትኩ ፈረሶቹና ቢሾፖቹ ቶሎ ይወጣሉ። እናም ሰባት ስምንት እርምጃ ገልብጬ ሰጠሁት። መስመሩ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ቀና ብሎ አየ። አንድ ወታደር ጎድሎታል። ያኔ ደግሞ ጠጠር ከመቁጠር ሌላ ብዙም አያውቅም። እየተሸነፍኩ ነው ብሎ ደመደመና ንግሥቱን ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ፣ ያንኑ ሁኔታ ሦስት ጊዜ ደግሞ አቻ ወጣ። ማጥቃት የነበረበት እሱ! በጣም ተናደድኩበት። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ የሰጠሁት እኔ የምወደውን እንጂ እሱ የሚችለውን አልነበረም።

በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ያሸነፈው የአይቢኤሙ የቼስ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ ዋና መጽሐፉ በእጅ የተሠራ ነበር። ወደ 4,000 የሚጠጋ የጠጠር አቀማመጥ ነው የያዘው። በዋናነት ያዘጋጀው ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን ሲሆን ሌሎች ግራንድማስተሮችም አግዘውታል። የመረጡት ማሽኑ ጎበዝ የሆነባቸውን ጨዋታዎች ነው። እያንዳንዱንም ማሽኑ ራሱ ሲፈትሸው ያድር ነበር። ከ700,000 የግራንድማስተር ጨዋታዎች የወጣ መረጃም ነበራቸው፤ ግን እሱ ረዳት ነው። በስድስተኛው ጨዋታ፣ ካስፓሮቭ ካሮ ካን የሚባለውን መከላከያ ሲጫወት፣ ኢ6 በሚባለው ቤት ያለውን ወታደር በፈረስ የበላው እርምጃ ከመጽሐፉ የመጣ ነው። ካስፓሮቭ በ19ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ።

እናንተም መስመሩን ከመዝጋታችሁ በፊት መጽሐፉን አጥፉና ፕሮግራማችሁ ከዚያ ቦታ ራሱን ችሎ እንዲጫወት ተዉት። ግራ ከገባው ሁለት እርምጃ ጨምሩለት ወይም መስመሩን ጣሉት። እኔ ብዙውን ጥያለሁ።

የእርምጃ ዝርዝር ሳይሆን የሰሌዳውን ሁኔታ መዝግቡ። አንዱ ጨዋታ በዲ4፣ ሌላው በሲ4 ተጀምሮ ከጥቂት እርምጃ በኋላ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም እዚያ ሲደርስ የማያውቀው አገር የገባ ይመስለዋል። ፖሊግሎት የሚባለው ፎርማት አንዱን መዝገብ በ16 ባይት ይጨርሰዋል፤ 8ቱ ለሁኔታው ቁልፍ፣ 2ቱ ለእርምጃው፣ 2ቱ ለክብደቱ (እርምጃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚመረጥ)፣ 4ቱ ፕሮግራሙ ለሚማረው። አንድ ጉድ አለው። ነጩ በአጭሩ ካስል ሲያደርግ (ንጉሡና ሩኩ በአንድ እርምጃ አብረው ሲንቀሳቀሱ) ንጉሡ የሚጻፈው ጂ1 ሳይሆን ሩኩ ያለበት ኤች1 ላይ እንደሄደ ተደርጎ ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለት ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ክብደቱን ለሁለት ሦስት እርምጃ አካፍሉት። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚጫወት ፕሮግራምን አንዴ ያሸነፈው ሰው በዚያው ጨዋታ ደጋግሞ ያሸንፈዋል። የድል መቶኛን ብቻ አይታችሁም አትመድቡ። ጎበዝ ደካማውን ሲገጥም የማይረባ መክፈቻም ያማረ ይመስላል።

አያቶቻችን በዚህ በኩል ተገላግለዋል። በሰንጠረዥ፣ በድሮው የአገራችን ቼስ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ለዚያ ኦፕኒንግ ቡክ የሚጽፍ ከመጣ ማኪያቶ እጋብዘዋለሁ።

ሌላው፣ ደብተር ያዙ። በየመስመሩ ጎን እዚያ ላይ ለምን እንዳቆማችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። የእኔ ደብተር አሁንም አለ። የሞራ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይገባውም» ይላል። ከዓመታት በኋላ ፕሮግራሙን የጠጠሮቹን መንቀሳቀሻም እንዲቆጥር ካደረግኩት በኋላ ያንን ሰርዤ መስመሩን መለስኩለት።