ግፊቴ 17 ከሆነ ጠብታው ለምን ታዘዘልኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ47 ዓመት ሴት ነኝ፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። የዓይን ግፊትሽ 17 ነው፣ ደህና ነሽ ተብዬ ነበር። ሌላ ቦታ ስታይ ግን የዓይኔን መስታወት (ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን) ውፍረት ለክተው «480 ነው፣ ስስ ነው፤ ነርቩም ተጎድቷል» አሉኝና ማታ ማታ የሚደረግ ጠብታ አዘዙልኝ። ማንን ልመን? ስስ ከሆነ ይፈነዳል እንዴ? እናቴ በግላኮማ ዓይኗ ጠፍቶ ነው ያረፈችው። ጠብታውን አልጀመርኩም። ለአቧራው ማሳከክ ግን ከፋርማሲ የገዛሁትን ዴክሳሜታዞን ስጠቀም አምስት ወር ሆነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይፈነዳም። 480 ማይክሮን ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ የአብዛኛው ሰው 540 አካባቢ ነው። ስስነቱ ለብቻው በሽታ አይደለም። እንቅልፍ የነሳዎት የእናትዎ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። እርስዎ ግን እያዩ ነው የተደረሰብዎት፤ በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ሰው ዓይኑን ይዞ ያረጃል።

መሣሪያው ግፊቱን የሚለካው የዓይኑን ፊት ጫን ብሎ ነው። ቀፊራ ገበያ ብርቱካን ሲመርጡ በአውራ ጣትዎ ጫን ያደርጉት የለም? ልጣጩ ወፍራም የሆነው ጠንካራ ይመስላል፣ ስሱ ቶሎ እሺ ይላል፤ ውስጣቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የተሠራው ውፍረቱን 520 ያህል አድርጎ በመገመት ነው። ስለዚህ የእርስዎ 17 ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በስንት? በልኩ የሚነግርዎት ቀመር የለም። ለዚህ ነው ነርቩን የምናየው፣ የእይታ ስፋት የምንመረምረው። ነርቩ ከተጎዳ 17 ለእርስዎ ብዙ ነው፤ ግላኮማ ማለትም ይኸው የዓይን ነርቭ መጎዳት ነው። የታዘዘልዎትን ዛሬ ማታ ይጀምሩ።

አሁን ወደ ዴክሳሜታዞኑ። አምስት ወር! ይህ ጠብታ ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን በሁለት ቀን ጸጥ ያደርገዋል፣ ቅላቱን ያጠፋዋል፤ ሰውም «ዳንኩ» ብሎ ሌላ ብልቃጥ ይገዛል። ከውስጥ ግን የዓይኑ ውኃ የሚወጣበትን መንገድ እየዘጋ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ አያምም፣ አይቀላም። ግላኮማ ያለበት ሰውና የግላኮማ ታማሚ ልጅ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ እርስዎ ሁለቱንም ነዎት። አንድ ወጣት በዚሁ ጠብታ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ጨርሶ መጣልኝ። ብልቃጡን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ «ይኸው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ይህንኑ ይጻፉልኝ» አለኝ። መለያው በጣት ብዛት ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ያንን ዓይን መመለስ አልቻልኩም፤ የሞተ ነርቭ አይመለስም። «ለጎረቤቴ ሠርቷል»፣ «ፋርማሲስቱ ያውቀኛል» የሚለውን ከእንግዲህ አልቀበልዎትም። የድሬ አቧራና ሙቀት እንደሚያሳክክ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነኝ። በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ይያዙበት፣ አይሹት፤ ስቴሮይድ የሌለበት የአለርጂ ጠብታ አለ፣ እሱን እናዝዛለን።

ዴክሳሜታዞኑን ያቁሙና በዚህ ሳምንት የማታውን ጠብታ ያዘዘልዎት ሐኪም ዘንድ ሄደው ግፊቱን እንደገና ያስለኩ፤ 17ቱ የተለካው ዴክሳሜታዞኑን ከመጀመርዎ በፊት ከሆነ ዛሬ ስንት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፣ አይደብቁ። አስም ካለብዎትም ይንገሩት፤ የማይስማሙዎት የግላኮማ ጠብታዎች አሉ። ወንድምና እህት ካለዎት ደግሞ ይዘዋቸው ይሂዱ። እናታችሁ አንድ ናት።