መልስ፦ ገንዘብህን ለማውጣት ብለህ ሌላ ብር እንዳትልክ

ወንድሜ፣ «ሰው እያስገባህ አትርፍ» የሚለው፣ 20,000 ብር ያስገባህበት አፕ «ለማውጣት መጀመሪያ 3,000 ብር ግብር ክፈል» አለኝ፣ ልክፈል ወይ ብለሃል። እባክህ እንዳትከፍል! ግብር በቴሌግራም ለተላከ የግለሰብ ሒሳብ አይከፈልም። እኔ ከፍዬ ነበር። በማግስቱ «ማረጋገጫ» ብለው ሌላ ጠየቁኝ፤ ከዚያ የቴሌግራም ግሩፑም ጠፋ።

መጀመሪያ የደረሰህ 600 ብር ትርፍ አይደለም፤ ከኋላህ የገባ ሰው ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ 6 ሰው ቢያስገባ፣ 10ኛው ዙር ላይ ከ60 ሚሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም እንዲህ አዲስ ሰው በማስገባት ላይ የቆመውን «የፒራሚድ ሽያጭ» ከልክሏል።

ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርገህ ዛሬውኑ ለባንክህና ለፖሊስ አመልክት። ያስገባሃቸው ሰዎች ካሉም አሁኑኑ ደውልላቸው። እኔ አፍሬ ሁለት ቀን ዝም በማለቴ የአክስቴ ልጅ የዕቁብ ብሯን ጨመረችበት።