«ቤቱ ይለቅና እረፋለሁ» ላልከኝ ወንድሜ

ወንድሜ ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ረጅም ስለሆነ ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ላስቀምጠው፦ 37 ዓመትህ ነው፣ ባንክ ትሰራለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ማስተርስህን ትማራለህ፣ እዛው ጎንደር አዘዞ ላይ ጂ ፕላስ 1 እያስገነባህ ነው፣ ባለቤትህ ደግሞ «አብረን እየኖርን አይደለም» እያለች ትነዘንዝሃለች። የጠየቅከኝም «ምኞቴንና ዛሬን መደሰትን እንዴት ባላንስ ላድርግ፣ እሷስ ራዕዬን እንድትረዳልኝ ምን ልበላት» ብለህ ነው። (ዶክተር ብለኸኛል፣ ዶክተር እንኳን አይደለሁም፣ ግን ይሁን።)

እንደው ሳትቀየም ስማኝ፣ ባለቤትህ ራዕይህን ሳትረዳ የቀረች አይመስለኝም። እዛው የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ የዘረዘርክበት አንቀጽ መሀል «መሰረቱን ያወጣነው የሷን ወርቅ ሸጠን ነው» ብለህ አለፍከው። እኔ ግን እዛ ጋ ቆምኩ። የጥሎሽ ወርቋን አውጥታ የሰጠች ሴት የምኞትህ ተቃዋሚ ናት ብለህ እንዴት ትጽፍልኛለህ? ኧረ ተው፣ በሰፈሩ ካሉት ሁሉ በምኞትህ ያመነች እሷ ናት። ቅሬታዋ ሌላ ነው።

ስለ ዲግሪህ የጻፍከውንም አየሁት። «ጨረስኩና በዛው ሳምንት ለማስተርስ ተመዘገብኩ»፣ አለቀ። ምረቃው ላይ ማን መጣ፣ እናትህ እልል አለች ወይ፣ ምሳ ተበላ ወይ፣ ምንም የለም። ያኔም እኮ «እሱ ይለቅና» ስትል የነበረ ይመስለኛል፣ አለቀ፣ አላረፍክም። ስለዚህ ለነገ ብለህ ዛሬን መስዋዕት እያደረግክ ነው የሚለው ነገር ለኔ አልተዋጠልኝም፣ ምክንያቱም የለፋህለት ነገ ሲመጣም ቁጭ ብለህ አልተቀበልከውም።

ታዲያ ምንድን ነው? እኔ የታየኝን ልንገርህ፣ በደብዳቤ ብቻ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ግን ያዝልኝ። መጨረሻ አካባቢ «ስራ ከሌለኝ ደረቴን ይጨንቀኛል፣ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል» ብለሃል። ከሱ በፊት ደግሞ አባትህ ያረፉት አንተ 15 ዓመት ሳይሞላህ እንደሆነና ታናናሾችህን ያሳደግከው አንተ እንደሆንክ ልክ እንደ ሲቪ በአንድ መስመር ጽፈሃል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አንብባቸው እስቲ። በዛ እድሜው የቤት አባወራ የሆነ ልጅ ሲመሰገን የሚሰማው ይዞት በገባው ነገር ነው፣ ዘይት ይዞ ሲገባ፣ የወንድሙን ደብተር ገዝቶ ሲመጣ፣ «የኔ አንበሳ» የሚባለው ያኔ ነው። ባዶ እጁን የገባ ቀን ማንም ባይቆጣውም እሱ ራሱ ማንንም ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል። ያ ልጅ አድጎ ባንክ ገባ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ግን አሁንም ባዶ እጁን ቤቱ ቁጭ ቢል የሚወደው ሰው ያለ አይመስለውም። ሚስትህ እየጠየቀችህ ያለችው እንግዲህ በትክክል ያንን ባዶ እጁን የተቀመጠውን ሰው ነው፣ አንተ ደግሞ እሱን ለማሳየት ታፍራለህ፣ በፎቅ ልትሸፍነው ትሮጣለህ። ባለፈው ጥምቀት ዓለም ከየሀገሩ ጎንደር ሲመጣ፣ እሷ ልጅቷን አልብሳ ይዛ ለብቻዋ ፋሲል መዋኛ ስትወርድ፣ አንተ ሰራተኛ የሌለበት ሳይት ላይ ብሎኬት ስትቆጥር ዋልክ። ይሄን የጻፍከው ጉብዝናህን ልታሳየኝ ነበር። እኔን ግን አሳዘነኝ።

በ1978 እ.ኤ.አ. ብሪክማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብዙ ባንጠመዝዘው ጥሩ ነው፣ ግን ሎተሪ የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይህን ያህል የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም፣ እንደውም ከጓደኛ ጋር መጨዋወት ወይም ቁርስ መብላት በመሰለው ተራ ነገር የሚያገኙት ደስታ አነስ ያለ ነበር። ቤትህም ሲያልቅ እንዲሁ ነው ብዬ አልፈርድብህም፣ ብቻ ኮርኒሱ ተገጥሞ ሲያበቃ ያ የደረት ጭንቀት አብሮ የሚያልቅ አይምሰልህ።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ማስተርሱንም ቤቱንም አቁም አልልህም፣ ምኞት መኖሩ ነውር የለውም። ግን «አቦሉን ጠጥቼ እወጣለሁ» ብለሃል አይደል? በሳምንት አንድ ቀን ስልክህን ሌላ ክፍል ትተህ እስከ በረካ ድረስ ተቀመጥ። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ትጨነቃለህ፣ ተነስ ተነስ ይልሃል፣ እሱን ጭንቀት እንዲሁ እየው፣ ከቻልክም «አሁን ጨነቀኝ» ብለህ ለሷ ንገራት። ስለ ወርቁም ጠይቃት፣ ስትሸጠው ምን አስባ እንደነበር፣ ስትመልስልህ ደግሞ ለማስረዳት አትቸኩል።

የደረትህ ነገር ግን በሀኪም መታየት አለበት፣ ጭንቀት ነው ብለን ልብህን ሳናሳይ ብንቀር ስህተት ነው። ልብህ ደህና ከሆነ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብታወራ እመርጣለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለው፣ እዛ የሚሄደው ያበደ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ተወው። ለነፍስ አባትህም ብትነግራቸው ጥሩ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለት ሶስቴ ሄደህ «ምንም ለውጥ የለም» ብለህ እንዳታቆም፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ ያደገ ነገር ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል።