መልስ፦ ሌባውን አንባቢ እንዲወደው አድርጌ እንዴት ልጻፈው?

ወንድሜ፣ «ስለ ጌጣጌጥ ሌባ አጭር ልቦለድ ጀምሬያለሁ፤ አንባቢ እንዳይጠላብኝ ፈራሁ» ብለሃል። አትፍራ። ብቻ በደግነት ላስውበው አትበል። ለድሃ ሲያከፋፍል ካሳየኸው ታሪኩ ስብከት ይሆንብሃል።

ፈረንሳዊው ደራሲ ሞሪስ ለብላን እ.ኤ.አ. በ1905 በመጽሔት ያወጣውን፣ አርሴን ሉፒን ስለሚባለው ሌባ የጻፈውን የመጀመሪያ ታሪክ፣ «የአርሴን ሉፒን መያዝ»ን ፈልገህ አንብብ። ወደ ኒውዮርክ በሚሄድ መርከብ ላይ ነው። ሉፒን መሳፈሩ በሽቦ አልባ ቴሌግራም ይሰማል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርሱ በጎሪጥ መተያየት ይጀምራል። ከዚያ የአንዲት እመቤት ጌጥ ይሰረቃል። እዚህች ጋ ቀስ ብለህ አንብብ። ሌባው ያገኘውን ሁሉ አላፈሰም። ትልልቁን ፈርጥ ትቶ ጥራት ያለውን መርጧል። ማቀፊያውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄዷል፤ አበባው የረገፈ ግንድ ይመስላል። እኔ ሉፒንን የወደድኩት እዚች ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ ዓይን ይይዛል።

ሌላው ደግሞ ልቡ ነው። ሉፒን እንደሚያዝ ርእሱ ራሱ ይነግርሃል። የሚያመው ግን መያዙ ሳይሆን የወደዳት ልጅ ማንነቱን ማወቋ ነው። ያንተም ሌባ ፊቷን ማየት የሚያሳፍረው አንዲት ሰው ትኑረው፤ እናቱም ልትሆን ትችላለች። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገች አልነግርህም፣ ራስህ ድረስበት። የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርስ ላክልኝ፤ ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ።