ሂካማ ፍራይሴ ለምን ይልፈሰፈሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ፣ ዓምድሽን ሁሌ ነው የማነበው። ባለቤቴ ስኳር አለበት እና ሀኪሙ ድንች ቀንስ ብሎታል፣ እሱ ደግሞ የድንች ጥብስ ካየ አያልፍም። አንድ ቪዲዮ ላይ ሂካማ የሚባለውን ስር እንደ ድንች ቆርጠው ኦቨን ሲከቱት አይቼ እኔም ገዛሁና ልጬ ቆርጬ ዘይትና ጨው አድርጌ ከተትኩት፣ ግን ያን ያህል ቆይቶ ላዩ እርጥብ፣ ውስጡ ጥሬ ነገር፣ ጫፍ ጫፉ ደግሞ ያረረ ሆኖ ወጣ። ባሌ ሁለት ቀምሶ ተወው። መላ ካለው ንገሪኝ፣ ከሌለው ደግሞ በቃ ልተወው።

መልስ፦ አትተዪው የኔ እህት፣ መላ አለው። ግን ሂካማን እንደ ድንች ካሰብሽው ሁሌ ያናድድሻል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ውስጣቸው ለየቅል ነው። ድንች ክሪስፒ የሚሆነው ስታርች ስላለው ነው፣ ሙቀት ሲነካው ላዩ ላይ ያለው ስታርች ውሃ ይጠጣና ያብጣል ከዛ ውሃው ሲተን ደርቆ ቅርፊት ይሰራል። ሂካማ ግን 90 በመቶው ውሃ ነው፣ ስታርቹም ትንሽ ነው። ስለዚህ ጥሬውን ኦቨን ስትከቺው ውሃውን መልቀቅ ይጀምራል፣ ትሪው ከተጨናነቀ ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው እዛው በራሱ ውሃ ይቀቀላል። "ጥሬ ነገር" ያልሽው ደግሞ የሂካማ ጠባይ ነው፣ በስሎም ቢሆን ጥርስ ስር መንኮሻኮሹን አይተውም። እንደ ድንች ውስጡ ፍርፍር የሚል ነገር አትጠብቂ፣ ያ አይመጣም። ላዩ ኩርሽም የሚል ቅርፊት ግን ይመጣል፣ እኛ ነን የምንሰራለት።

ልጣጩን በቢላ አውጪ፣ በድንች መላጫ አይሆንም። ቡናማው ልጣጭ ስር ነጭ ሆና ጭረት ጭረት ያላት ሌላ ሽፋን አለች፣ እሷ ከቀረች አፍ ውስጥ እንደ ክር ነው የምትሆነው። ከዛ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ውፍረት ቁረጪው፣ ሁሉም እኩል ይሁን፣ ያንቺ ጫፉ አርሮ መሀሉ እርጥብ የሆነው አንድም ወፍራምና ቀጭን ስለተቀላቀለ ይሆናል።

ቀጥሎ ጨው ባለበት የፈላ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀቅይው። ውሃ የሞላውን ነገር ደግሞ ለምን ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ ትዪኝ ይሆናል፣ ግን ኦቨኑ ብቻውን እስኪያለሰልሰው ከጠበቅሽ ላዩ ቀድሞ ያራል፣ ተቀቅሎ ሲገባ ኦቨኑ የሚቀረው ስራ ማድረቅና ማቅላት ብቻ ነው። አንዱን አንስተሽ ስታጎብጪው ትንሽ እሺ ካለሽ ደርሷል።

አሁን ዋናው ነገር ማድረቅ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው እና እባክሽ አትዝለዪው። በማጥለያ አጥልዪውና እንፋሎቱ እስኪያልቅ እዛው ተዪው፣ ትኩስ እያለ የሚተነው ውሃ በነጻ የሚሄድልሽ ውሃ ነው። ከዛ ንጹህ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ በሌላ ፎጣ ከላይ ጫን ጫን አድርጊው፣ ገልብጠሽም ድገሚው። ከማጥለያው እንደወጣ ያብለጨልጫል፣ ሲደርቅ ግን ማብለጭለጩ ጠፍቶ ደብዘዝ ይላል፣ በጣትሽ ስትነኪው ጣትሽ ካልረጠበ በቃ ደርሷል ማለት ነው።

ከዛ የጎደለውን ስታርች እናበድረዋለን። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች) ነስንሰሽ ሁሉም ነጭ አቧራ የነካው እስኪመስል አገላብጪው፣ የተረፈውን አራግፊና ከዛ አንድ ማንኪያ ተኩል ዘይት። አንድ ማንኪያ ኮርን ስታርች 7 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት አለው፣ ለሁለት ለሦስት ሰው ሲካፈል ብዙ አይደለም ግን ለባለቤትሽ ስለሆነ ቁጠሪው። እሱንም አልፈልግም ካልሽ ደረቅ ፓርሜዛን ቺዝ ፈጭተሽ መነስነስ ይቻላል፣ ቅርፊቱ ሌላ አይነት ነው ግን በጣም ይጣፍጣል።

ኦቨኑን 220 ዲግሪ አድርጊና ትሪውም ባዶውን ውስጥ ሆኖ ይጋል። ሂካማውን አንዱ ሌላውን ሳይነካ ደርድሪው፣ ካልበቃሽ ሁለት ዙር ስሪ እንጂ አትደራርቢ። 20 ደቂቃ ላይ ገልብጪው፣ ከዛ ሌላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ሰዓቱን ሳይሆን ከለሩን እዪ። ኤርፍራየር ካለሽ በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሀል መሀል ላይ እየነቀነቅሽ። ከመቀቀያው ውሃ ሌላ ጨው መጨረሻ ላይ ብቻ! ቀድመሽ ከጨመርሽ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል፣ ያ ሁሉ ማድረቅ ከንቱ ይሆናል። የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ፓፕሪካም ቶሎ ስለሚያሩ ሲወጣ ነስንሺ። ከዛ ወዲያው ይበላ፣ ውስጡ የቀረው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ስለሚመጣ ትንሽ ከቆየ ይለሰልሳል፣ ባልሽን መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው ከዛ አውጪው።

የስኳሩን ነገር ደግሞ፣ 100 ግራም ጥሬ ሂካማ 38 ካሎሪና 9 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት አለው፣ ከሱ ውስጥ ወደ 5 ግራም የሚጠጋው ፋይበር (ሰውነት ፈጭቶ ስኳር የማያደርገው ክፍል) ነው። ጥሬ ድንች በዚሁ መጠን 77 ካሎሪና 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ፋይበሩም 2 ግራም ገደማ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው ግን እንደፈለገ ይብላ ማለት አይደለም፣ በልቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካና የራሱን ሰውነት ይይ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ከሆነ ድንቹን በሂካማ ስትተኩ ለሀኪሙ ንገሩት፣ ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ መድሀኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ቀን ደግሞ ትንሽ ነው የሚበላው፣ ካለው ፋይበር ውስጥ ኢኑሊን የሚባል (ኢንሱሊን አይደለም) ስላለበት ያልለመደን ሆድ ይነፋል።

ጥያቄ፦ ኦቨንም ኤርፍራየርም የለኝም። በዘይት መጥበስ አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል ወንድሜ፣ እንደውም ቅርፊቱ ከሁሉም ይበልጣል። ግን ቀቅለህ ካላደረቅከው ውሃና የጋለ ዘይት ሲገናኙ ይፈናጠራል፣ እጅህንም ፊትህንም ያቃጥልሃል። ዘይቱ 180 ዲግሪ ይድረስ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግክ ክተት፣ ሲወጣ ወረቀት ላይ ሳይሆን ፍርግርግ ላይ አስቀምጠው ከስሩ አየር እንዲያገኝ። ክብደት ለመቀነስ ከሆነ ግን መጥበሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት ይበቃሃል፣ ጎን ጎኑን እያገላበጥክ።

ጥያቄ፦ ሂካማ ገዝቼ ፍሪጅ ከተትኩት ሳምንት ሳይሞላ ውስጡ ቡናማ ሆነ። ደግሞ ዘሩን ብተክለው ፍሬውም ይበላል ወይ?

መልስ፦ ሙሉውን ሂካማ ፍሪጅ አትክተቺው፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ የሞቃት አገር ተክል ነው፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ውስጡ ይበላሻል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ፣ አየር የሚገባው ቦታ ይሻለዋል። ስትገዢ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ጠንካራ፣ ከመጠኑ ይልቅ ከበድ የሚል፣ ልጣጩ ያልተሸበሸበ ምረጪ፣ በጣም ትልቁ እንጨት እንጨት ይላል።

ፍሬውን ግን በፍጹም! ሂካማ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፣ አበባው ሲረግፍ እንደ ፎሶሊያ ያለ ነገር ያንጠለጥላል፣ የበሰለው ዘሩ ግን ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው፣ ለነፍሳት ማጥፊያ የሚያገለግለው ማለት ነው። ቅጠሉንም ግንዱንም ተዪ፣ የሚበላው ስሩ ብቻ ነው፣ ልጆች ካሉሽ ዘሩን አርቀሽ አስቀምጪው። ተቆርጦ የተረፈሽን ስር ደግሞ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልተሽበት ፍሪጅ ክተቺው፣ ውሃውን በየቀኑ ከቀየርሽው ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ሜክሲኮዎች እንደሚያደርጉት ሎሚ ጨምቀሽ ጨውና የሚያቃጥል በርበሬ ነስንሰሽ ጥሬውን ብይው።